አባዱላን ማደሪያ አድርጎ ወደ ላንጋኖና ሐዋሳ፦ ምን ይቀድማል?

ጡረታ ከካዛንቺስ

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ጡረታ ላይ ነን። ባለ ከፍታ ጣሪያ አባዱላ አለን፤ ናፍታ፣ 2ኬዲ ሞተር፣ ረጅሙ ዓይነት። ከጥምቀት በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ባቱን፣ ላንጋኖን፣ ሐዋሳን፣ ከተመቸም አርባ ምንጭን በሐይቅ ዳር እየሰፈርን ማየት እንፈልጋለን። የሆቴል ክፍል አንይዝም፤ ማታ መኪናው ውስጥ፣ ቀን ዛፍ ጥላ ሥር።

ጥያቄዎቼ፦ የኋላ ወንበሮችን ነቅሎ አልጋ መሥራት በሕግም በሥራም እንዴት ነው? ባለቤቴ ኢንሱሊን ስለምትወስድ ፍሪጅ የግድ ይሆንብናል ወይ? የት ይታደራል፣ የት አይታደርም? ዋና የሚቻለው የትኛው ሐይቅ ነው? ባለቤቴ ደግሞ «ሐይቅ ሐይቅ ነው፣ ባሕርስ?» ትላለች፤ ለእሷም መልስ ያለው ካለ ይጻፍልኝ።

ላሜራ

ጋሼ፣ መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት ሊብሬውን ያንሱ። የወንበር ብዛት እዚያ ላይ የተጻፈ ነው። መኪናው ኮድ 3 ሆኖ የቆየ ከሆነ ወንበር ነቅሎ ለቤት መጠቀም የአገልግሎት ለውጥ ነው። ኮድ 2 ቢሆንም የወንበር ቅነሳ የመኪናውን ይዘት ስለሚቀይር ፋይሉ ያለበት የትራንስፖርት ቢሮ ሄደው ቀድመው ይጠይቁ። ሳይጠይቁ የተሠራ ነገር ጣጣው የሚመጣው ዓመታዊ ምርመራ ላይ ቦሎ ሊወስዱ ሲቀርቡ ነው፤ ሊብሬውና መኪናው ካልተገጣጠሙ ይመልስዎታል። የመንጃ ፈቃድዎ ደረጃም ሊብሬው ላይ ላለው የወንበር ቁጥር የሚሆን መሆኑን አብረው ያጣሩ።

በዚህ ምክንያት የእኔ ምክር ምንም ነገር በብየዳ ከወለሉ ጋር እንዳይያያዝ ነው። ወንበሮቹ የታሰሩባቸው የብሎን ቀዳዳዎች አሉ፤ የአልጋውን ፍሬም በእነዚያው ቀዳዳዎች ማሰር ይቻላል። ያኔ ወንበሩን በግማሽ ቀን መመለስ ይችላሉ፣ ወለሉም አይበሳም። አዲስ ቀዳዳ ከተበሳ ዝናብና ጭቃ ከሥር ይገባል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል።

ልኬት፦ ረጅሙ አባዱላ 5.38 ሜትር ርዝመት፣ 1.88 ሜትር ስፋት፣ 2.28 ሜትር ከፍታ አለው። 1.88 የውጪው ስፋት ነው። የላሜራው ድርብርብና የውስጥ ሽፋኑ ሲቀነስ መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው አግድም እግሩን ዘርግቶ አይተኛበትም፤ ስለዚህ አልጋው በመኪናው ርዝመት ይሁን፣ 1.90 በ1.30። ፍሬሙን 30 በ30 ሚሊ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ በሆነ ቱቦላሬ፣ ላዩን ባለ 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ። ቺፕውድ አይግዙ፤ እርጥበት ሲነካው ያብጥና ብሎኑን ይለቃል። ኮምፔንሳቶው ላይ በየ15 ሳንቲሙ ባለ 30 ሚሊ ቀዳዳ ያስበሱ፤ ሁለት ሰው ሌሊቱን ሲተነፍስ የሚወጣው እርጥበት ስፖንጁ ሥር ይጠራቀምና በአንድ ሳምንት ይሸታል።

ከፍታው ላይ ብዙ አናጺ ይሳሳታል። ዕቃ ብዙ እንዲገባ ብለው 70 ሳንቲም ያደርጉታል። ለእናንተ ከወለሉ እስከ ፍራሹ አናት 45 ሳንቲም ይበቃል፤ ቁጭ ሲሉ እግር መሬት ይነካል፣ ጉልበት አያስቸግርም። በተንሸራታቹ በር ሥር የምትቀመጥ 20 ሳንቲም ከፍታ ያላት መርገጫና በሩ ጎን በሁለት ብሎን የተያዘ መያዣ ብረት ቢኖር ከማንኛውም ቅንጦት ይበልጣል። ሌሊት ተነሥቶ የሚወርድ ሰው የሚወድቀው እዚያች ቦታ ላይ ነው።

ክብደቱ ከ14 ሰው ጋር ሲነጻጸር ብዙ አይደለም። አንድ ሙሉ ባለ 18 ሚሊ ጣውላ 30 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ባለ 100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪም እንዲሁ 30 ኪሎ ይጠጋል፣ ሙሉ የ12.5 ኪሎ ጋዝ ከነሲሊንደሩ 27 ያህል፣ 60 ሊትር ውሃ 60 ኪሎ። ችግር የሚሆነው አቀማመጡ ነው። ሁሉም ከኋላው ጎማ በስተኋላ ከተከመረ የፊቱ ይቀላል፣ መሪው ይዋልላል። ውሃውንና ባትሪውን ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት፣ ወለል ላይ አድርገው ይሰሩ። ጣሪያ ላይ ከ30 ኪሎ በላይ አይጫን፤ መኪናው ራሱ ረጅም ስለሆነ የጎን ነፋስ ይይዘዋል።

ጎማ፦ 195 አር 15 ሲ ነው። ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ያንብቡ፤ 2319 ማለት በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ከስድስት ዓመት ካለፈ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ለዚህ መንገድ አልመክርም። ጎማ ሻጭ «አዲስ ነው» ሲልዎ ያልተነዳ ማለቱ ነው፤ ቁጥሩን እርስዎ ይዩ። የሐይቁ ዳር የግራር እሾህ ነው፣ ስለዚህ ነፋስ ያለው ትርፍ ጎማ፣ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕና ክሪኩ አሸዋ ላይ እንዳይሰምጥ 30 በ30 የሆነ ወፍራም ጣውላ ይያዝ። መለዋወጫውን ሁሉ ሶማሌ ተራ ያገኙታል፤ የናፍታ ፊልትሮ ሁለት፣ የሞተር ቀበቶ አንድ ስብስብ፣ የራዲያተር ጎማ ቱቦ ከላይም ከታችም፣ ፊውዝ።

አስራ ሁለት ቮልት

ስለ ፍሪጁ። ሁለት ነገር ይለዩ። ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የሚሰካ ርካሹ «ማቀዝቀዣ ሳጥን» ከውጪው ሙቀት 15 ወይም 20 ዲግሪ ዝቅ ከማድረግ አያልፍም። ውጪው 32 ከሆነ ውስጡ ከ12 በታች አይወርድም ማለት ነው፤ ለኢንሱሊን ማስቀመጫ አይሆንም፣ ባትሪም ያለማቋረጥ ይበላል። የሚያስፈልገው ባለ ኮምፕሬሰር 12 ቮልት ነው። 40 ሊትሩ በስምጥ ሸለቆ ሙቀት በቀን 35 እስከ 40 አምፔር ሰዓት ይወስዳል። መብራትና ስልክ 10 ይጨምሩ፤ በቀን 50 ነው።

የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ከተራገፈ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ባለ 100ው የሚሰጥዎ 50 ብቻ ነው፤ አንድ ቀን። የመኪናውን ማስነሻ ባትሪ ለዚህ በጭራሽ አይንኩ፤ ሁለተኛ ባትሪ ይግባ፣ በመካከላቸው ሞተር ሲነሣ ብቻ የሚያገናኝ ቮልቴጅ የሚያነብ ሪሌይ። ገመዱ 16 ስኩዌር ሚሊ፣ ከእያንዳንዱ ባትሪ ፖዘቲቭ በ20 ሳንቲም ርቀት ውስጥ 60 አምፔር ፊውዝ። ፊውዙ ለፍሪጁ ጥበቃ አይደለም፤ ገመዱ ከላሜራ ጋር ተፋትጎ ቢላጥ መኪናው እንዳይቃጠል ነው። ከሁለቱ ጫፍ በአንዱ ብቻ ካስገቡ ሌላኛው ባትሪ ገመዱን ማቃጠሉ አይቀርም። ኤሌክትሪሺያኖች አንዱን ብቻ አስገብተው «ይበቃል» ይላሉ፤ አይበቃም።

ሶላር፦ 200 ዋት። በጥር ፀሐይ አምስት የሞላ ሰዓት ቢያገኝ፣ ብክነቱ ተቀንሶ 700 ዋት ሰዓት አካባቢ፣ ማለትም ከ55 አምፔር ሰዓት በላይ ይሰጣል። የቀኑን ይሸፍናል። ግን ጋሼ «ዛፍ ጥላ ሥር» ብለዋል፤ ጨዋታው እዚህ ጋ ይበላሻል። ጣሪያ ላይ የታሰረ ፓኔል ግራር ሥር ሲቆም፣ የቅርንጫፍ ጥላ ጥግ ላይ ብቻ ቢያርፍበት እንኳ ምርቱ ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። መኪናውን ፀሐይ ላይ ካቆሙት ደግሞ ውስጡ ምጣድ ነው። መፍትሔው ፓኔሉን ጣሪያ ላይ አለማሰር ነው፤ ታጣፊውን ገዝቶ በአምስት ሜትር፣ ባለ 6 ስኩዌር ሚሊ ገመድ መሬት ላይ መዘርጋት። መኪናው ጥላ፣ ፓኔሉ ፀሐይ። በቀን ሦስት ጊዜ ማዞር ነው።

ሲስተር

ስለ ኢንሱሊኑ፦ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ። የተከፈተው አብዛኛው ዓይነት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባልበለጠ ቦታ እስከ አራት ሳምንት ይቆያል፤ የራሳቸው ዓይነት ስንት ቀን እንደሚል ሳጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ አለ። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ጉዞ ፍሪጁ ቢበላሽ ዓለም አያልቅም። ትልቁ ጠላት በረዶ ነው። የቀዘቀዘ ኢንሱሊን ቀልጦ ደህና ቢመስልም ኃይሉን ያጣል፣ ይጣላል። ፍሪጁ ውስጥ ግድግዳው ላይ ተጠግቶ ወይም ከበረዶ ጋር ተነካክቶ አይቀመጥ፤ ፎጣ ጠቅልሎ መካከሉ ላይ። መጠባበቂያ ከፈለጉ ሁለት የሸክላ ማሰሮ፣ ትንሹ ትልቁ ውስጥ፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ፣ ላዩ እርጥብ ጨርቅ። ነፋስ ባለበት ጥላ ከተቀመጠ ከውጪው ደህና አድርጎ ይቀዘቅዛል። የተዘጋ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተረሳ ኢንሱሊን ግን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻም ቢሆን አይታመንም። ሐኪማቸው ሳያማክሩ መጠኑን አይቀይሩ፤ ሙቀትና የእግር ጉዞ ስኳሩን ሊያወርድ ስለሚችል ግን መለኪያው ከተለመደው በላይ ብዙ ጊዜ ይሠራ።

እርስዎ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነና ውስጡ ሽንት የሚያሸና ካለበት፣ ላንጋኖ ላይ ውሃ ማነስ ማዞርን ያመጣል። ከመነሳትዎ በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ወባ፦ አዲስ አበባ ከፍታው ስለሚከላከልልን ሰውነታችን አያውቀውም። ባቱ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ ሁሉም የወባ አካባቢ ናቸው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ዋናው ወቅት ነው፣ ጥር ይሻላል እንጂ ነጻ አይደለም። ትንኟ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። አልጋው ላይ በኬሚካል የተነከረ አጎበር፣ መስኮቱ ላይ ወንፊት፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ረጅም እጅጌ። ከተመለሱ በኋላ ሳምንታት ቆይቶም ትኩሳት ቢመጣ «ሐይቅ ዳር ነበርኩ» ብለው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ አንዱ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ወራት ቆይቶ ይመለሳል።

ውሃ፦ የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ቦታ ላይ ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ይበልጣል። ማፍላት አያወጣውም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን ያከማቸዋል። ለሁለት ሳምንት ጥርስና አጥንት አያበላሽም፤ ቢሆንም የመጠጥና የቡና ውሃ ከቤት ይዞ መሄድ ቀላል ነው። ለሁለት ሰው በቀን ስምንት ሊትር ለመጠጥና ለወጥ ይያዝ፤ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለሳምንት ይበቃል። መታጠቢያውን እዚያው ይቅዱ።

ሳልረሳ፦ ከሰል። ቡናው ውጪ ይፈላ። ማንደጃው መኪናው ውስጥ አይግባ፣ በሩ ተከፍቶም፣ ዝናብ መጥቶም፣ «ጠፍቷል እኮ» ተብሎም። ነጭ አመድ የለበሰ ከሰል ጭስ የለውም እንጂ መርዙን ማውጣቱን አላቆመም። አይሸትም፣ አያስነጥስም፤ መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ እንቅልፍ።

ጡረታ ከካዛንቺስ

በጣም አመሰግናለሁ። የጋዝ ምድጃውስ? ባለቤቴ እሱን ውስጥ ማድረግ ትፈልጋለች። ደግሞ ሌሊት ሽንት ቤት?

ላሜራ

ምድጃው ውጪ፣ የኋላው በር ተከፍቶ ጥላ ሲሆን እሱ ሥር ባለች ታጣፊ ጠረጴዛ ላይ። ሲሊንደሩ ግን ሌሊትም ውስጥ ስለሚያድር፦ ጋዙ ከአየር ይከብዳል፣ ቢያፈስ ወለል ላይ ይተኛል እንጂ በመስኮት አይወጣም። ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት ሳጥን ከታች ወደ ውጪ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ይኑረው፣ ቆሞ ይታሰር፣ ከመተኛትዎ በፊት ቫልቩ ከሲሊንደሩ ላይ ይዘጋ። ቱቦው ከ1.5 ሜትር አይርዘም፤ አጠፍ ሲያደርጉት ስንጥቅ ካሳየ ይቀየር። በሳሙና አረፋ መፈተሽ ነው፣ በክብሪት የሚፈትሽ ጎበዝ አሁንም አለና። 12.5 ኪሎው ለሁለት ሳምንት ይበዛል፤ ትንሹን ካገኙ ይሻላል።

ሌሊት ለመጸዳጃ ክዳን ያለው ባልዲ፣ ከሥሩ ሰጋቱራ፣ ከተጠቀሙ በኋላ ላዩ ላይ ሌላ እፍኝ ሰጋቱራ። ከማንኛውም የጣውላ ቤት በነጻ ይሰጥዎታል፣ ሽታውንም ይይዛል። ለሽንት ብቻ ከሆነ ፖፖ ምን ነውር አለው።

ሐይቅ ዳር

ስለ ቦታው ልጻፍ። ከካዛንቺስ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከወጡ መስቀል አደባባይን፣ ጎተራን፣ ሳሪስንና ቃሊቲን የጭነት መኪናው ሳይበዛ አልፈው ቱሉ ዲምቱ ፈጣን መንገዱ ላይ ይገባሉ። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው ፈጣን መንገድ በመቂ በኩል ባቱ ያደርስዎታል። በ80 ይንዱ፤ ያ መኪና ከዚያ በላይ ነዳጁንም ጎማውንም ይበላል። ታንኩን እዚሁ ከተማ ውስጥ ይሙሉ፣ ግማሽ ሲደርስ ሰልፍ የሌለው ማደያ ባገኙበት ይሙሉ። በጀሪካን አይቀዱልዎትም፣ ክፍያውም በስልክ ስለሆነ ሁለታችሁም ስልክ ላይ ቴሌብር ሂሳብ ይኑር። ከመነሳታችሁ በፊት የምታርፉበት ቦታ ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፤ ከ11 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አትገኙ።

ባቱ ለምሳ እንጂ ለአዳር አልመክርም። ዳርቻው ደንገልና ሣር ነው፣ ቢልሃርዚያ አለ፣ ጉማሬ አለ። አሳውን በልታችሁ፣ ወፉን አይታችሁ እለፉ።

ዋናው ላንጋኖ ነው። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቡልቡላን አልፎ በግራ። ውሃው ቡናማ በመሆኑ ሰው ይጠራጠረዋል፤ ቆሻሻ ሳይሆን የማይዘቅጥ ደቃቅ አፈር ነው። ጨዋማና ሶዳማ ስለሆነ ቢልሃርዚያ ለሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ አይመችም፣ ለዚህ ነው ከነዚህ ሐይቆች ውስጥ ለዋና የሚመረጠው። ከሁለት ሳምንቱ ግማሹን እዚህ ብታሳልፉት አይቆጫችሁም። ያልታጠረ ዳርቻ ላይ አትደሩ፤ በምዕራብ በኩል ካሉት ሆቴሎች ግቢ ውስጥ ለድንኳንና ለመኪና ቦታ የሚያከራዩ አሉ። ስትደውሉ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መኪናው ከውሃው በስንት ሜትር ይቆማል፣ መብራትና ሻወር በስንት ሰዓት ይዘጋል፣ ቅዳሜ ማታ ሙዚቃ አለ ወይ። ሦስተኛው ቀልድ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ነው፣ እናንተ ሰኞ ገብታችሁ ዓርብ ውጡ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ ማዕበሉም ደህና ነው፤ ዋና ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን፣ የመኪናውን ጀርባ ለነፋሱ ስጡ። ጎማው አሸዋ ላይ ቢዞር ነዳጅ አትስጡ፤ እየቆፈረ ነው የሚወርደው። የጎማውን ነፋስ ወደ 20 ፒኤስአይ አውርዳችሁ በሁለተኛ ማርሽ በቀስታ፣ ከወጣችሁ በኋላ በፓምፑ መመለስ።

አብያታና ሻላ በማዶ ናቸው፣ የአንድ ቀን ጉብኝት። የአብያታ ውሃ ስለሸሸ ዳሩ ላይ ሰፊ ነጭ ሜዳ ይታያል፤ ላዩ ደረቅ፣ ሥሩ ጭቃ ነው። ፍላሚንጎ ልቅረብ ብሎ መኪና ይዞ የገባ በትራክተር ነው የሚወጣው፤ መኪናውን ጠንካራ መሬት ላይ አቁማችሁ ከፓርኩ አስጎብኚ ጋር በእግር። ሻላ ዳር ያለው ፍል ውሃ እጅ ያቃጥላል፣ ጠርዙ ከሥር የተቦረቦረ ስለሆነ አስጎብኚው የረገጠበትን ብቻ ርገጡ።

ሐዋሳ ከተማ ነው፣ ስለዚህ ሐይቅ ዳር ካለ ሆቴል ጋር ተስማምቶ ግቢው ውስጥ ማደር ነው። አሞራ ገደል (ሐይቅ ዳር ያለው የአሳ ገበያ) ጠዋት ማለዳ ይሻላል፤ አሳው ከጀልባ ሲወርድ፣ አባ ኮዳው ከሰው እኩል ተሰልፎ ትርፍራፊ ሲጠብቅ። ጥሬውን አትብሉ፣ ሾርባው ይበቃችኋል። ጦጣዎቹ ክፍት መስኮት ያውቃሉ፣ የመድኃኒት ከረጢት ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ። ውሃው ውስጥ አትግቡ። ጉማሬው ማታ ለግጦሽ ስለሚወጣ በእሱና በውሃው መካከል መቆም የለም፤ የባልዲው ጉዳይም እዚህ ላይ ነው የሚገባችሁ።

አርባ ምንጭ በሻሸመኔ በኩል 500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከፍታው 1,200 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከላንጋኖ ይሞቃል፣ መኪና ውስጥ ማደር ለእናንተ ይከብዳል። ጫሞ አዞ ነው፤ ጀልባ ላይ ሆኖ ማየት እንጂ እጅም አይነከርም። በበኩሌ ለሌላ ጊዜ ባስቀምጠው ይሻላል፣ ከሄዳችሁም ክፍል ያዙ።

ገላፊ

ለእማማ መልስ፦ ቅርቡ ባሕር ጅቡቲ ነው። በመኪና ከሆነ በአዋሽ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ፤ መንገዱ የከባድ መኪና ነው፣ ለአባዱላም ለጡረታም አይመከርም። ፓስፖርትና ቪዛ፣ ለመኪናው ደግሞ ከኢንሹራንሳችሁ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ (ድንበር ተሻጋሪ የመኪና ኢንሹራንስ) እና የጉምሩክ ወረቀት ይጠየቃል። ባሕሩን ለማየት ብቻ ከሆነ መኪናውን ቤት ትታችሁ ከፉሪ ለቡ በባቡር እስከ ናጋድ፣ የጅቡቲ ከተማው ጣቢያ፣ ሂዱ። ከኅዳር እስከ የካቲት ብቻ፤ በክረምት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አርታ ፕላዥ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ከጅቡቲ ከተማ በመኪና ይደረሳል፣ ሳብል ብላን የሚባለው ነጭ አሸዋ ከታጁራ ማዶ ነው፣ በጀልባ ይሻላል።

ላሜራ

አንድ ነገር ቀረ። ጣሪያ ላይ ማንኛውም ነገር ካሰሩ ከፍታውን በሜትር ለክተው ቁጥሩን መሪው አጠገብ ይለጥፉ። ያለ ምንም ጭነት 2.28 ስለሆነ መሐል ከተማ ያሉት ብዙዎቹ የሕንጻ ሥር ፓርኪንጎች አያስገቡትም፤ መግቢያው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ አይውረዱ። ዕቃ ለመግዛት መርካቶ ሲሄዱም መኪናውን ቤት ትተው በታክሲ ይሂዱ፣ ቱቦላሬውን በስድስት ሜትሩ ሳይሆን እዚያው ሱቁ ላይ በልኬቱ አስቆርጠው ያምጡ።